የጀማሪው ሞተር፦ አብራሪዎችን ያስተማሩ ትናንሽ ሞተሮች ታሪክ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስናስተምር የአየሩን ውጊያ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከተዋጊው አይሮፕላን ነው። ተማሪው የስፒትፋየርን ስም ያውቃል፤ ንባብ የሚወድ ከሆነም ሞተሩ መርሊን እንደሚባልና ከ1,000 ፈረስ ጉልበት በላይ እንደነበረው ይነግረናል። ነገር ግን በዚያ ሞተር ኋላ የተቀመጠው ወጣት ጥቂት ቀደም ብሎ መሬት ለቅቆ የማያውቅ ሰው ነበር። ታዲያ በምን ተማረ? በእንግሊዝና በግዛቶቿ አብዛኛው ጀማሪ የተማረው አራት ሲሊንደር ብቻ ባለው፣ 130 ፈረስ ጉልበት በሚያወጣ ትንሽ ሞተር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የዚህን ትንሽ ሞተርና የመሰሎቹን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ እንሞክራለን። ልናሳየው የፈለግነው አንድ ዋና ነገር ነው፤ ይኸውም ለተማሪ የሚሰጥ መሣሪያ የሚመዘነው በጉልበቱ ብዛት ሳይሆን ስሕተትን በመቻሉ፣ በቀላሉ ተፈትቶ በመጠገኑና ለብዙ ሰው በመዳረሱ መሆኑን ነው። ጉዳዩ የታሪክ መምህሩን ብቻ ሳይሆን የፊዚክስና የእጅ ሥራ መምህሩንም የሚመለከት ይመስለናል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አብሮ የሚሽከረከረው ሞተር

በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው አቭሮ 504 የተባለው የእንግሊዝ አይሮፕላን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዋነኛ ማሠልጠኛ ሆኖ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ከ8,000 በላይ ተሠርቷል። ሞተሩ ዛሬ በመኪና ከምናውቀው የተለየ ነበር። በመኪና ሞተር ውስጥ ሲሊንደሮቹ ቆመው የሚዞረው ክራንክ ሻፍቱ ነው፤ ክራንክ ሻፍት ማለት የፒስተኖቹን መመላለስ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዘንግ ነው። በአቭሮው ሞተር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ከአይሮፕላኑ አካል ጋር ታስሮ ይቆማል፤ ሲሊንደሮቹ በሙሉ ከፕሮፔለሩ ጋር አብረው ይሽከረከራሉ። ይህም የተደረገው ለማቀዝቀዝ ነው። የሚሽከረከር ሲሊንደር ነፋሱን ራሱ ስለሚያገኝ ውሃና ራዲያተር አያስፈልገውም፤ ክብደቱም ይቀንሳል።

ለጀማሪ ግን ይህ ሞተር ጨካኝ አስተማሪ ነበር። አንደኛ፣ የሚሽከረከረው ብረት እንደ ትልቅ እንዝርት ስለሚሆን አይሮፕላኑ ወደ ጎን ሲታጠፍ አፍንጫው ባንዱ አቅጣጫ ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ይሳባል። ሁለተኛ፣ ሞኖሱፓፕ በተባለው ዓይነት ላይ ጉልበቱን ቀስ በቀስ መቀነስ አይቻልም ነበር፤ አብራሪው በአዝራር የእሳቱን ብልጭታ እያቋረጠና እየቀጠለ ነበር የሚያርፈው። ሦስተኛ፣ ለማለስለሻ የሚያገለግለው ዘይት ከቤንዚን ጋር እንዳይዋሐድ ሲባል የጉሎ ዘይት ነበር። ይህ ዘይት ሳይቃጠል ወደ ውጭ እየተረጨ የአብራሪውን ፊት ያለብሰው፣ ከትንፋሹም ጋር ይገባ ነበር። የጉሎ ዘይት በሆድ ላይ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ለመገመት አይቸግረውም።

በ1917 ሮበርት ስሚዝ ባሪ የተባለ መኮንን ጎስፖርት በተባለች የእንግሊዝ ከተማ አዲስ የአሠለጣጠን ዘዴ ጀመረ። ከዚያ በፊት ተማሪው አደገኛ ከሚባሉት እንቅስቃሴዎች እንዲርቅ ብቻ ይነገረው ነበር። ስሚዝ ባሪ ግን መሪው ለሁለቱም በተሠራ አይሮፕላን አስተማሪውንና ተማሪውን አንድ ላይ አስቀመጠ፤ በቱቦም እንዲነጋገሩ አደረገ። ተማሪው ሆን ተብሎ ወደ አደጋው እንዲገባና የሚወጣበትን መንገድ በእጁ እንዲለምድ ተደረገ። ስለዚህ ዘዴው ተሻሻለ፤ ሞተሩ ግን ያው ነበር።

ከአቭሮው ታሪክ አንድ ነገር ልብ እንዲባልልን እንፈልጋለን። በ1918 የወጣው 504ኬ የተባለው ዓይነት የሞተሩ ማሰሪያ ልዩ ልዩ ሞተሮችን እንዲቀበል ሆኖ ተሠራ። የ100፣ የ110 ወይም የ130 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ የተገኘው ሁሉ ይታሰርበት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አይሮፕላኑ ከእንጨትና ከጨርቅ ስለሚሠራ በፍጥነት ይደርሳል፤ ሞተሩ ግን አይደርስም።

ከጦርነት ትራፊ የተወለደ

ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ በእንግሊዝ መንግሥት እጅ እጅግ ብዙ አይሮፕላንና ሞተር ተረፈ። ኤርክራፍት ዲስፖዛል የተባለ ኩባንያ ይህን ትራፊ ገዝቶ መሸጥ ጀመረ። ከዕቃዎቹም መካከል ስምንት ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ እንደ «V» ፊደል የቆሙ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዙ የፈረንሳይ ሬኖ ሞተሮች ነበሩ። የዚህ ዓይነት ሬኖ በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ በፋርማን ማሠልጠኛ አይሮፕላኖች ላይ ያገለገለ ነው። ፍራንክ ሃልፎርድ የተባለ መሐንዲስ ይህን ሞተር አሻሽሎ ጉልበቱን ወደ 120 አሳደገው።

በዚያው ጊዜ ጄፍሪ ዲ ሃቪላንድ የተባለው የአይሮፕላን ሠሪ ለበረራ ክበቦችና ለተራ ሰው የሚሆን ርካሽ አይሮፕላን ለመሥራት ያስብ ነበር። የተቸገረው በሞተር ነው። የነበሩት ትናንሽ ሞተሮች ከሞተር ብስክሌት ብዙም የማይሻሉ ደካሞች፣ ትልልቆቹ ደግሞ ነዳጅ የሚፈጁ የጦርነት ሞተሮች ነበሩ። ሃልፎርድ ያገኘው መፍትሔ በጣም ቀላል ነው። ከስምንቱ ሲሊንደሮች አንዱን ረድፍ፣ ማለትም አራቱን ብቻ ወሰደና ለእነሱ የሚሆን አዲስ መያዣ ሠራ። የ120 ግማሽ 60 ነው፤ አዲሱም ሞተር 60 ፈረስ ጉልበት ነበረው። ስሙ ሲረስ ተባለ። በዚሁ ሞተር የሚሠራው ሞዝ የተባለው አይሮፕላን የካቲት 22 ቀን 1925 በረረ።

የጦርነቱ ትራፊ ግን የማያልቅ አልነበረም። የሬኖው ክፍሎች ማለቅ ሲጀምሩ ዲ ሃቪላንድ ሃልፎርድን ከመሠረቱ አዲስ የሆነ ሞተር እንዲነድፍለት ጠየቀው። በ1927 የተሠራው ይህ ሞተር ጂፕሲ ተባለ፤ ጉልበቱም 100 ገደማ ነበር። ጥንካሬውን ለማሳየት አንድ ጂፕሲ ታሽጎ፣ የተለመደው ጥበቃ ብቻ እየተደረገለት 600 ሰዓት እንዲበር ተደረገ። የሸፈነው መንገድ ወደ 82,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ይህም ምድርን ሁለት ጊዜ መዞር ማለት ነው። በ1930 ኤሚ ጆንሰን የተባለች የ26 ዓመት ወጣት ይኸው ሞተር ባለው ሞዝ ከእንግሊዝ እስከ አውስትራሊያ ብቻዋን በረረች። ኤሚ ጆንሰን የአብራሪነት ብቻ ሳይሆን የአይሮፕላን ጥገና ፈቃድም እንደነበራት ለሴት ተማሪዎቻችን ልንነግራቸው ይገባል።

የተገለበጠው ሞተር

በመጀመሪያው ጂፕሲ ሲሊንደሮቹ ከክራንክ ሻፍቱ በላይ ቆመው ስለነበር የአብራሪውን የፊት እይታ ይጋርዱ ነበር። ሃልፎርድና ባልደረቦቹ ሞተሩን ገለበጡት። ክራንክ ሻፍቱ ከላይ ሆነ፤ ሲሊንደሮቹ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። በዚህም ሁለት ጥቅም ተገኘ፤ እይታው ተከፈተ፣ ፕሮፔለሩም ከመሬት ከፍ አለ። ከእነዚህ የተገለበጡ ሞተሮች ስመ ጥር የሆነው በ1932 የወጣው ጂፕሲ ሜጀር ነው። በ1931 የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ታይገር ሞዝ የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ማሠልጠኛ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይህን ሞተር ይዞ በብዛት መሠራት ጀመረ።

የሒሳብ መምህራን ይህን ሞተር ለክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የእያንዳንዱ ሲሊንደር የውስጥ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 118 ሚሊ ሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት 140 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱን ይዘት አስልቶ በአራት ያባዛ ተማሪ ወደ 6,124 ኩብ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከ6 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ያገኛል። ይህ ከአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ሞተር አራት እጥፍ ያህል ነው። ከዚህ ሁሉ ይዘት የሚጠየቀው ግን 130 ፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ሞተሩ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አቅሙን አሟጥጦ አይሠራም። በ1938 ጂፕሲ ሜጀር ሳይፈታ 1,000 ሰዓት እንዲሠራ ተፈቀደለት፤ በ1945 ደግሞ 1,500 ሰዓት ደረሰ።

ታይገር ሞዝ የሞተር ማስነሻ ባትሪ አልነበረውም። ሞተሩ የሚነሳው መሬት ላይ የቆመ ሰው ፕሮፔለሩን በእጁ ሲያሽከረክረው ነው። እሳቱን የሚሰጡት ማግኔቶ የተባሉ፣ ከሞተሩ ጋር እየዞሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሁለት መሣሪያዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ አንዱ ካንዴላ ከአንደኛው ማግኔቶ፣ ሌላው ከሁለተኛው ይገናኛል። አንዱ ቢበላሽ ሞተሩ በሌላው ይሠራል። ተማሪው ከመነሳቱ በፊት ማግኔቶዎቹን በተራ እያጠፋ መሞከር ግዴታው ነበር።

ችግርም አልጠፋም። ሞተሩ የተገለበጠ በመሆኑ ቆሞ ሲያድር ዘይት በፒስተኖቹ ዳር እያለፈ ወደ ታች፣ ወደ ሲሊንደሮቹ ራስ ይወርዳል። ዘይት እንደ አየር አይታመቅም፤ ስለዚህ ሞተሩ በድንገት ቢነሳ ብረት ሊታጠፍ ይችላል። በዚህ የተነሳ ጠዋት ጠዋት ማብሪያው ጠፍቶ ፕሮፔለሩ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ከባድ ነገር በእጁ ሲገጥመው ተማሪው ውስጥ ምን እንዳለ ያስተውላል። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ተማሪውን አይሸፍንለትም፤ አይቀጣውምም፤ ስሕተቱን ይነግረዋል። አብራሪዎች ስለ ታይገር ሞዝ «ማብረሩ ቀላል፣ አሳምሮ ማብረሩ ከባድ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የሞተር ቁጥርና የአብራሪ ቁጥር

በታኅሣሥ 1939 እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ በኦታዋ ከተማ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ስምምነት ተፈራረሙ። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ በካናዳ ብቻ ከ131,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎች ሠለጠኑ፤ ከእነዚህም ወደ 50,000 የሚጠጉት አብራሪዎች ነበሩ። ትምህርቱ እንደ ክፍል ደረጃ የተከፈለ ነበር። ጀማሪው በታይገር ሞዝ ወይም በመሰሉ ይጀምራል፤ ለተዋጊ አይሮፕላን የተመረጠው 600 ፈረስ ጉልበት ያለው ዋስፕ የተባለ ሞተር ወደሚነዳው ሃርቫርድ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው መርሊን የሚሰጠው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ጠባቡ በር የጀማሪው ሞተር ሆኖ ተገኘ። ጂፕሲ ሜጀር ከእንግሊዝ በመርከብ ወደ ካናዳ ሲመጣ መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም። ስለዚህ ከመቶ የሚበልጡ የካናዳ ታይገር ሞዞች በአሜሪካ ሜናስኮ ሞተር ተሠሩ፤ ጉልበቱ ግን አነስ ያለ ነበር። በአሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። ስቲርማን የተባለው ማሠልጠኛ በላይካሚንግ ሞተር ሲሠራ ፒቲ-13፣ በኮንቲኔንታል ፒቲ-17፣ በጄኮብስ ፒቲ-18 ተባለ። አይሮፕላኑ አንድ ነው፤ ስሙን የለወጠው የተገኘው ሞተር ነው። ፌርቻይልድ የተባለው ኩባንያም የሬንጀር ሞተሮች ሲያንሱት አይሮፕላኑን ለሌላ ሞተር እንዲሆን አድርጎ ሠራው። በ1918 በአቭሮ 504ኬ ያየነው ችግር ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ መልሶ መጣ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ አገር የሚኖራት የአብራሪ ቁጥር በወጣቶቿ ድፍረት ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን ነው። ትንሹን ሞተር ሠርቶና ጠግኖ የሚያቀርብ ፋብሪካና መካኒክ ያስፈልጋል።

ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ

የጂፕሲ ቤተሰብ ከአገራችን ታሪክም ጋር ይገናኛል። በ1930፣ ማለትም በ1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሁበርት ጁሊያን የተባለው የካሪቢያን ተወላጅ አብራሪ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አንስቶ አዲስ አበባ ላይ ከሰከሰው። እሱ ከአደጋው ተርፏል።

ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ግን ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። የስዊድን ሳአብ ፋብሪካ በ1945 ሳፊር የተባለ ትንሽ አይሮፕላን አወጣ። የመጀመሪያው ዓይነት ሳፊር ሞተር 145 ፈረስ ጉልበት ያለው ጂፕሲ ሜጀር 10 ነበር። ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን በቢሾፍቱ ስታቋቁም ለማሠልጠኛነት የመረጠችው ይህንኑ አይሮፕላን ነው። ሥራውን ይመሩ የነበሩት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው። እኚህ ስዊድናዊ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል አይሮፕላን አገራችንን ያገለገሉ፣ በ1977ም በጎዴ የሞቱ ሰው ናቸው። በ1947 (1939 ዓ.ም.) በግንቦት ወር ትርፍ የነዳጅ ታንክ በተጨመረለት ሳፊር ከስቶክሆልም ተነስተው የትም ሳያርፉ አዲስ አበባ ገቡ። መንገዱ ወደ 6,200 ኪሎ ሜትር፣ ጊዜው ከ30 ሰዓት በላይ ነበር። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞራል ብንል በ30 ሰዓት ውስጥ 3,600,000 ጊዜ ዞሯል ማለት ነው። አንዲት ካንዴላ ወይም አንድ ኩሽኔታ አስቸግሮ ቢሆን ኖሮ በረራው በበረሃ ወይም በባሕር ላይ ባበቃ ነበር።

ይህ በረራ የሞተሩን ታማኝነት ያሳያል። ቢሾፍቱ ግን ሌላ ፈተና ነበራት። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 83 ከመቶ ያህል ነው። የአየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው ኦክሲጅን ሲቀንስ ጉልበቱም ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይጎድላል፤ ቀኑ ሞቃት ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ 145 የተባለው ፈረስ ጉልበት በቢሾፍቱ ሜዳ ላይ 116 ገደማ ይሆናል። አብራሪው ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልገዋል፤ ሲወጣም ቀስ ብሎ ነው። ከ1949 ጀምሮ የመጡት የኋለኞቹ ሳፊሮች 190 ፈረስ ጉልበት ያለው ላይካሚንግ ሞተር ይዘው ነበር፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ ገዝታለች። የደጋው ተማሪ ከዚህ በላይ ግልጽ የሆነ የጂኦግራፊና የፊዚክስ ምሳሌ አያገኝም ብለን እናምናለን።

ጄት መጣ፤ ፕሮፔለሩም ተመለሰ

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተዋጊው ሁሉ ጄት ሲሆን፣ ማሠልጠኛውም ጄት ይሁን ተባለ። የአሜሪካው ቲ-33 ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ያገለገለ ባለ ሁለት መቀመጫ ጄት ነው። ከእርሱ ያነሰው ቲ-37 ደግሞ ሁለት ትናንሽ ጄቶች ነበሩት፤ እነዚህም የፈረንሳዩ ማርቦሬ ሞተር በፈቃድ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ጄት ለተማሪ የሚመችበት በኩል አለው፤ አይሮፕላኑን ወደ ጎን የሚጠመዝዝ ፕሮፔለር የለውም። ነገር ግን የያኔው ጄት ነዳጅ ሲጨመርለት ጉልበቱ የሚመጣው ከብዙ ሴኮንዶች በኋላ ነው። ለማረፍ ዝቅ ያለ ጀማሪ ደግሞ ሴኮንድ የለውም። ነዳጁም ውድ ነው።

አሜሪካ በ1961 ገደማ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጄት እንዲማር ወሰነች። ዘዴው ብዙ አልቆየም፤ ለበረራ የማይሆነውን ተማሪ በውድ ጄት መለየቱ ወጪ አበዛ። በ1965 ተማሪው በቅድሚያ ቲ-41 በተባለ ትንሽ አይሮፕላን እንዲሞከር ተደረገ። የቲ-41 የመጀመሪያው ዓይነት ሞተር ጉልበት 145 ነበር፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ሳፊር። ቆይቶም እንግሊዝ ጄት ፕሮቮስት የተባለውን ማሠልጠኛዋን በቱካኖ፣ አሜሪካም ቲ-37ን በቲ-6 ተኩ። ሁለቱም ባለ ፕሮፔለር ናቸው፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ግን ፒስተን ሳይሆን ተርባይን ነው። ጂፕሲ ሜጀርም በቺፕመንክ ማሠልጠኛ ላይ ሆኖ በእንግሊዝ አየር ኃይል እስከ 1996 ድረስ ወጣቶችን ሲያስበርር ቆየ።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የምናስተምር ሰዎች ተመራቂዎቻችን ወደየትምህርት ቤቱ ሄደው የሚገጥማቸውን እናውቃለን። ውድ የሆነ ማይክሮስኮፕ ይሰበራል ተብሎ በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተማሪውም በሥዕል ብቻ አይቶት ይመረቃል። ያ መሣሪያ ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ማንንም አላስተማረም። ስሚዝ ባሪ ተማሪውን ወደ አደጋው አስገብቶ ማስተማር የቻለው አስተማሪው አብሮት ስለነበረ ነው። ታይገር ሞዝም 50,000 አብራሪ ላፈራው ሥራ መነሻ ሊሆን የቻለው ሞተሩ በብዙ እጅ ተነክቶ፣ ተፈትቶና ተጠግኖ መሥራት ስለሚችል ነው። ለትምህርት ቤታችን ዕቃ ስንጠይቅ «ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» ከማለት ይልቅ «አርባ ተማሪ በእጁ ሊነካው የሚችለው፣ ሲበላሽም እኛው የምንጠግነው የቱ ነው?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል እንላለን።

ለክፍል ውይይት የሚከተሉትን ጥያቄዎች እናቀርባለን።

1. የጂፕሲ ሜጀርን የሲሊንደሮች ይዘት ከተሰጡት ልኮች አስልታችሁ አረጋግጡ።

2. ትምህርት ቤታችሁ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል? አንድ የአየር መጭመቂያ የሌለው የ145 ፈረስ ጉልበት ሞተር በዚያ ቦታ ከቢሾፍቱ የበለጠ ወይስ ያነሰ ጉልበት ያወጣል? ለምን?

3. በአካባቢያችሁ ካለ ጋራዥ ያረጀ ካንዴላ ለምናችሁ አምጡ። የት ላይ እሳት እንደሚያወጣ አሳዩ፤ አንድ የአይሮፕላን ሲሊንደር ሁለት የሚያስፈልገውም ለምን እንደሆነ አስረዱ።